ፈተናው ይጥበቅ፣ በሩ ይከፈት

ዲሴምበር 30 ቀን 1903 ከሰዓት በኋላ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቺካጎ መሃል የነበረው ኢሮኮይ ቲያትር በእናቶችና በልጆች ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ቤቱ ሥራ ከጀመረ ገና አምስት ሳምንቱ ነው። እሳት አይነካውም እየተባለ ማስታወቂያ የተሠራለት አዲስ ህንጻ ነበር። ከመድረክ መብራት የወጣ ፍንጣሪ መጋረጃውን ያዘና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እሳቱ አዳራሹን አጥለቀለቀው። ሕዝቡ ወደ በሮቹ ሮጠ። አንዳንዱ በር ተቆልፏል፤ አንዳንዱ በመጋረጃ ተሸፍኗል፤ አንዳንዱን የዘጋው ተመልካቹ በሕይወቱ አይቶት የማያውቅ ዓይነት መቀርቀሪያ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ደግሞ ከኋላ የሚገፋው ሰው ብዛት ራሱ ጠርቅሞ ያዘው። ከ600 በላይ ሰው አለቀ።

ይህ ሲሆን ኢሊኖይ ያለ ፈቃድ በአርክቴክትነት መሥራትን የሚከለክል ሕግ ካወጣች ስድስት ዓመቷ ነበር። የ1897ቱ የኢሊኖይ ሕግ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ወረቀቱ ብቻውን በዚያን ቀን ማንንም አላዳነም ማለት ነው። ሕይወት ማዳን የጀመረው ከእልቂቱ የተወሰደው ትምህርት ነው። በዚያን ዕለት ትዕይንቱን ሊያይ አስቦ የቀረ ካርል ፕሪንዝለር የተባለ የበርና የቁልፍ ዕቃ ሻጭ፣ ከሄንሪ ዱፖንት ጋር ሆኖ በሰውነት ሲገፉት የሚከፈት አግዳሚ ብረት ለገበያ አቀረበ። ያ ብረት ዛሬ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሆስፒታሉና በየስብሰባ አዳራሹ መውጫ በር ላይ አለ። ዛሬ በአሜሪካ ለፈቃድ የሚፈተን አርክቴክትም 50 ሰውና ከዚያ በላይ የሚይዝ ክፍል በሩ ወደ መውጫው አቅጣጫ መከፈት እንዳለበት ማወቅ ግዴታው ነው።

ይህን ታሪክ ማስቀደም ያስፈለገው ያለምክንያት አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ ባለሙያዎች ቡና ላይ ሲገናኙ ስለ ሙያ ፈቃድ የሚነሣው ወሬ በምሬት የተሞላ ነው። አገር ቤት ህንጻ ያቆመ ሰው እዚህ እንደ ጀማሪ ይቆጠራል ይባላል። ምሬቱ እውነት አለው። ነገር ግን ምሬቱ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ፈተናው ላይ ነው፤ ፈተናው ደግሞ ከመንገዱ ሁሉ ትክክለኛው ክፍል ነው። መነቀፍ ያለበት በፈተናው ዙሪያ የተከመረው ሌላው ነገር ነው፦ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚፈለገው ሰነድ፣ ሳይመዘገብ ያለፈው ሰዓት፣ ከስቴት ስቴት የሚለያየው የእድሳት ደንብ።

አንዲት አርክቴክት እናስብ። አዲስ አበባ ልደታ ባለው፣ በ1954 በስዊድኖች ትብብር በተመሠረተውና ሰዉ ዛሬም «ሕንጻ ኮሌጅ» በሚለው ተቋም ተምራ ተመርቃለች። ስምንት ዓመት አማካሪ ድርጅት ውስጥ ሠርታለች። ጂ ፕላስ ሰባት ህንጻ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ተከታትላለች፤ ሳይት ላይ ቆማ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ብረት ቆጥራለች፤ ከተቋራጭ ጋር ተሟግታለች። ዲቪ ደረሳትና ቨርጂኒያ ገባች። የመጀመሪያውን ዓመት ግሮሰሪ ውስጥ ካሸር ሆና ሠራች፤ ከዚያ አንድ አነስተኛ የአርክቴክቸር ቢሮ ፕላን እንድትስል ቀጠራት። ስሟ ብዙ ነው፤ እንደ እርሷ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው የዲሲ አካባቢ ነዋሪ ማግኘት ይከብዳል።

የመጀመሪያ ሥራዋ የአንድ ክሊኒክ ደረጃ ነው እንበል። እጇ የለመደው 15 በ30 ነው፤ በሴንቲሜትር። እዚህ ግን መለኪያው ፉትና ኢንች ነው። የአንዱ እርከን ከፍታ ከ7 ኢንች መብለጥ የለበትም፤ መርገጫው ከ11 ኢንች ማነስ የለበትም። ወደ ለመደችው ስትመልሰው 17.8 እና 27.9 ሴንቲሜትር ያህል ይመጣል። የእጅ መደገፊያው ከእርከኑ አፍ ተለክቶ በ34 እና በ38 ኢንች መካከል መዋል አለበት። በአንድ ደረጃ ውስጥ በትልቁና በትንሹ እርከን መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከሦስት ስምንተኛ ኢንች እንዳይበልጥ የህንጻ ኮዱ ያዛል። አንድ ሴንቲሜትር አይሞላም። ጥብቅነቱ ምክንያት አለው፤ ሰው ደረጃ ሲወርድ ሁለት ሦስት እርከን ከረገጠ በኋላ እግሩ ከፍታውን ይለምድና ዓይኑ ማየት ያቆማል። ከዚያ አንዱ እርከን ከሌሎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ወዳቂው ሽማግሌ ነው፣ ወይም ልጅ ያዘለች እናት።

ሴትዮዋ ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት ትለምደዋለች። የሰው እግር አዲስ አበባም አሌክሳንድሪያም ያው ነው፤ የተለወጠው ሜትሩ ነው። ይሁንና ቢዝነስ ካርዷ ላይ «አርክቴክት» ብላ መጻፍ አትችልም። ቃሉ በየስቴቱ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ፈቃድ ሳይኖረው ራሱን አርክቴክት ብሎ ያስተዋወቀ ሰው ይቀጣል። ቀደም ሲል እንደ እርሷ ያሉት «ኢንተርን» ይባሉ ነበር። አርባ ዓመት የሞላው የልጆች አባት ኢንተርን መባሉ ቅር የሚያሰኝ ስለነበር የፈቃድ ቦርዶቹ ብሔራዊ ምክር ቤት በ2015 ቃሉን መጠቀም ተወ። አሁን የተለመደው «ዲዛይነር» ነው።

ይህ ብሔራዊ ምክር ቤት፣ በባለሙያዎች አፍ ኤንካርብ የሚባለው፣ በ1919 የተቋቋመ ነው። ፈቃድ ራሱ አይሰጥም። ፈቃድ የሚሰጡት 55 ቦርዶች ናቸው፦ የ50ዎቹ ስቴቶች፣ የዲሲ፣ የፖርቶ ሪኮ፣ የጉዋም፣ የቨርጂን ደሴቶችና የሰሜን ማሪያና ደሴቶች። ኤንካርብ ፈተናውን ያዘጋጃል፣ የሥራ ልምዱን ይመዘግባል፣ ሰነዱን ይይዛል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን የስቴቱ ቦርድ ነው። ፈላጊው ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፤ ትምህርት፣ የተመዘገበ የሥራ ልምድና ፈተና። ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቀን አንሥቶ ፈቃድ እስከማግኘት ያለው ጊዜ በአማካይ 13 ዓመት አካባቢ መሆኑን ምክር ቤቱ ራሱ ያወጣቸው ዘገባዎች ያሳያሉ። ይህ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ለተማሩትም ጭምር ነው።

ልምዱ የሚለካው በሰዓት ነው። 3,740 ሰዓት። በሳምንት 40 ሰዓት ሙሉ ቢቆጠርላት ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰዓቱ በስድስት የሥራ ዘርፍ ተከፋፍሏል። ከሁሉም የሚበዛው፣ 1,520 ሰዓት፣ ለግንባታ የሚውል ዝርዝር ፕላንና ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ይህን ቢሮው አይነፍጋትም፤ ቀኑን ሙሉ ስትስለው የምትውለው እሱን ነው። የሚቸግረው ትንንሹ ነው። ለግንባታ ክትትልና ግምገማ 360 ሰዓት፣ ለቢሮ አስተዳደር 160 ሰዓት ያስፈልጋል። ወደ ሳይት የሚሄደው ባለፈቃዱ አለቃ ነው፤ ከደንበኛ ጋር ውል የሚነጋገረውም እሱ ነው። የመጸዳጃ ቤት ሴራሚክ ስትደረድር ሁለት ዓመት የምትቆይ ባለሙያ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት የሠራችውን የሳይት ሥራ እዚህ 360 ሰዓት ማስመዝገብ ያቅታታል። አለቃው ክፉ ላይሆን ይችላል። ማንም አልነገረውም፤ እርሷም አልጠየቀችም። እኛ ዘንድ አለቃን «ሳይት ውሰደኝ» ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠራል፤ እዚህ ግን መጠየቅ ግድ ነው።

ሌላም ስውር ወጥመድ አለ። የተሠራ ሰዓት በስምንት ወር ውስጥ ከተመዘገበ ሙሉ ይቆጠራል። ስምንት ወር ካለፈው እስከ አምስት ዓመት ድረስ ግማሹ ብቻ ይያዛል። ከዚያ ያረጀው በመደበኛው መንገድ አይመዘገብም። አንድ ሰው «እንግሊዝኛዬ ይስተካከል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይግቡ፣ ከዚያ እጀምራለሁ» ብሎ ሦስት ዓመት ቢሮ ውስጥ ከሠራ በኋላ ማመልከት ሲጀምር፣ አብዛኛው ድካሙ በግማሽ ዋጋ ይታሰባል። ለምን? ከስምንት ወር በፊት የተሳለ ደረጃ ዛሬ ግማሽ ደረጃ አይሆንም። የሰዓቱ ደንብ ሰዎች ቶሎ ቶሎ እንዲመዘግቡ ለማበረታታት የወጣ ነው፤ ዓላማው ይገባል። ቅጣቱ የሚያርፈው ግን ደንቡን የሚነግረው ሰው በሌለው ላይ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ደረጃ መጤው ነው።

ከውጭ የመጣ ልምድ ፈጽሞ ዋጋ የለውም የሚባለው ወሬ ግን ስህተት ነው። በውጭ አገር ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር የተሠራ የአርክቴክቸር ሥራ ከጠቅላላው ሰዓት እስከ ግማሽ ያህሉን ሊሸፍን ይችላል። ለዚህ ግን የቀድሞው አለቃ ማረጋገጥ አለበት። አዲስ አበባ ያለው የቀድሞ አለቃ ኢሜይሉን ከፍቶ ቅጹን አንብቦ ካላጸደቀ የሴትዮዋ ሰዓት ባዶ ሆኖ ይቀራል። አለቃው ሥራ ይበዛበታል፤ ኢሜይሉም በእንግሊዝኛ የመጣ የማያውቀው ድርጅት መልእክት ስለሆነ ማጭበርበሪያ ይመስለዋል። ቀድሞ ስልክ ደውሎ «እንዲህ ያለ ነገር ይመጣልሃል፣ አደራ» ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ዕድሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ትምህርቱም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ ስቴቶች የሚጠይቁት በአሜሪካው የአርክቴክቸር ትምህርት ቦርድ እውቅና ያለው ዲግሪ ነው። ከውጭ ለተመረቀ ሰው ሁለት አማራጭ ይታያል። አንደኛው ዲግሪውን ማስገምገም ነው። ኮርስ በኮርስ ይመረመራል፣ ጎደለ የተባለው እዚህ ኮሌጅ ገብቶ ይሟላል። ሁለተኛው በአገሩ ፈቃድ ለነበረው ሰው የተከፈተው ከ2016 ወዲህ ያለ መንገድ ነው፤ ትምህርቱንና የአገሩን ፈቃድ በሰነድ አስረድቶ ልምዱንና ፈተናውን እንደማንኛውም ሰው ያሟላል። ቀድሞ የነበረው ረጅምና ውድ የዶሴ ምርመራ ቀርቷል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ስቴቱ እስከተቀበለው ድረስ።

በሁለቱም መንገድ ግን አገር ቤት ያለው መዝገብ ቤት መልስ መስጠት አለበት። ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በቀጥታ መላክ አለበት፤ ተማሪዋ ይዛው ከመጣች ዋጋ የለውም። የእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር ይዘት ሊጠየቅ ይችላል። የሙያ ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤትም ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል፤ ያ አገር በአርክቴክቶች ላይ የተወሰደ የዲሲፕሊን እርምጃን መዝግቦ የሚይዝ ሥርዓት እንዲኖረው ደግሞ ደንቡ በግልጽ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ልደታ ድረስ ሰው ልኮ፣ ከመስኮት መስኮት ተመላልሶ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ይህ የአሜሪካ ቦርዶች ጥፋት አይደለም። የኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ኤንካርብ ከካናዳ፣ ከሜክሲኮ፣ ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ ጋር ፈቃድ የመቀባበል ስምምነት አለው፤ በ2023 ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር ተፈራርሟል። ኢትዮጵያ ከእነዚህ መካከል የለችም። ነገ ትገባለች ብሎ መጠበቅም አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ስምምነት የሁለት አገር ትምህርት፣ ልምድና ፈተና ጎን ለጎን ተመዝኖ በዓመታት ድርድር የሚመጣ ነው። ነገር ግን ትራንስክሪፕት በኤሌክትሮኒክ መላክ፣ የኮርስ ዝርዝር በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ፣ የፈቃድ ማረጋገጫ ደብዳቤ በሳምንት ውስጥ መመለስ ድርድር አይፈልግም። አንድ ሠራተኛና አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ዩኒቨርሲቲዎቹና ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ይህን ዘንድሮ መጀመር ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም።

ወደ ፈተናው እንምጣ። ስድስት ክፍል አለው፤ ስለ ቢሮ አስተዳደር፣ ስለ ፕሮጀክት አመራር፣ ስለ ቦታና ፍላጎት ጥናት፣ ስለ ዲዛይን፣ ስለ ዝርዝር ሰነድና ስለ ግንባታ ክትትል። ከሁሉ የሚረዝሙት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 100 ጥያቄና አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ናቸው። በአንዳንዱ ክፍል ከሚቀመጡት ግማሽ ያህሉ ይወድቃሉ። የወደቀ ሰው ያንኑ ክፍል ለመድገም 60 ቀን መቆየት አለበት፤ በ12 ወር ውስጥም ከሦስት ጊዜ በላይ መሞከር አይፈቀድለትም። በ2023 የአንዱ ክፍል ክፍያ 235 ዶላር ነበር፤ ስድስቱን በአንዴ ላለፈ ሰው 1,410 ዶላር ማለት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሠርቶ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ሰው ሲወድቅ የሚከስረው ዶላሩን ብቻ አይደለም፤ ለጥናት የሰዋቸውን ቅዳሜዎች ጭምር ነው።

ክብደቱ ግን ተገቢ ነው። ለምን እንደሆነ በ1981 ካንሳስ ሲቲ የሆነው ይመሰክራል። ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያ በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ የእግረኛ ድልድዮች ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው በላይ። በመጀመሪያው ዲዛይን አንድ ረጅም ዘንግ ሁለቱንም ድልድይ ይይዛል። ለሥራ እንዲመች ተብሎ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለ፤ የታችኛው ድልድይ ከላይኛው ድልድይ ላይ እንዲንጠለጠል ሆነ። በፕላን ላይ ሲታይ ልዩነቱ አንድ ጣት አይሞላም። በላይኛው ድልድይ ማያያዣ ላይ የሚያርፈው ክብደት ግን በእጥፍ አደገ። ለውጡን የያዘው ሰነድ ማህተም ተመትቶበት አለፈ። ጁላይ 17 ምሽት አዳራሹ በሙዚቃና በዳንስ ተሞልቶ ሳለ ድልድዮቹ ወደቁ፤ 114 ሰው ሞተ። ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሶች በሚዙሪ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

እነሱ አርክቴክቶች አልነበሩም፤ የማህተሙ ትርጉም ግን ለሁለቱም ሙያ አንድ ነው። በፕላኑ ጥግ ላይ የሚያርፈው ያ ክብ ምልክት፣ የስቴቱ ስምና የባለሙያው ቁጥር ያለበት፣ «ይህን አይቼዋለሁ፣ ሠራሁት ወይም በኔ ቁጥጥር ተሠራ፣ ቢወድቅ እኔን ጠይቁኝ» ይላል። ስለዚህም ነው ሌላ ሰው የሠራውን ሳይቆጣጠሩ ማህተም መምታት በአሜሪካ ስቴቶች የሚያስቀጣው። አገር ቤት «ፈቃድ ማከራየት» የሚባለው ልማድ እዚህ ያለ ሐበሻ ባለሙያ ዘንድ ቦታ ሊያገኝ አይገባም። የወንድም ልጅ የሳለውን የሬስቶራንት ፕላን «አንተ ብቻ ፈርምልን» ተብሎ የሚመጣው ልመና ከዘመድ ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል። እምቢ ማለት ግን ግድ ነው፤ ሬስቶራንቱ ውስጥ የሚበሉት የሰው ልጆች ናቸው።

የፈተናው ይዘት ይጥበቅ ሲባል በዙሪያው የነበረው ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ከ2006 ጀምሮ «የአምስት ዓመት ሰዓት» የሚባል ደንብ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል ያለፈ ሰው ሌሎቹን በአምስት ዓመት ውስጥ ካልጨረሰ ያለፈው ውጤት ይሰረዝበታል። እናት ሆና ሁለት ዓመት ያቋረጠች፣ በ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ ከሥራ የተቀነሰ፣ ፈተናውን ለመክፈል ገንዘብ የጨረሰ ሁሉ አልፌዋለሁ ያለው ፈተና ከእጁ ያመልጥ ነበር። ምክር ቤቱ የራሱን መረጃ ሲመረምር ደንቡ ሴቶችንና ነጭ ያልሆኑትን ይበልጥ እንደጎዳ አገኘና በሜይ 2023 አስቀረው። ቀድሞ የተሰረዙ ውጤቶችም ለብዙዎች ተመለሱላቸው። ሰማይ አልተደረመሰም። ህንጻም አልወደቀም። ፈተናው አሁንም ያው ፈተና ነው፤ የወደቀው ደህንነትን ሳይጠብቅ ሰው ሲያባርር የነበረው አጥር ብቻ ነው። ሌላውም አጥር እንዲህ መመርመር አለበት።

አጥር ሁልጊዜ በሕግ አይጻፍም። ፖል ዊልያምስ በ1921 በካሊፎርኒያ ፈቃድ ያገኘ ጥቁር አርክቴክት ነበር። ነጭ ደንበኞቹ አጠገቡ መቀመጥ ሊከብዳቸው ይችላል ብሎ ስለሰጋ፣ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው እንዲያዩት ፕላኑን ገልብጦ መሳል ተለማመደ። ከእርሱ አንጻር የተገለበጠው ለደንበኛው ቀጥ ያለ ነበር። የአሜሪካ አርክቴክቶች ማኅበር ከፍተኛውን የወርቅ ሜዳሊያ የሰጠው በ2017 ነው፤ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ። ሌላዋ ጥቁር አርክቴክት ኖርማ ስክላሬክ በ1950 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ 19 ቢሮ አመልክታ ሁሉም መለሷት። በ1954 የኒው ዮርክን የፈቃድ ፈተና በመጀመሪያ ሙከራዋ አለፈች። ፈተናው ዓይን የለውም፤ ቆዳዋን አላየም። ቢሮዎቹ ግን አይተዋል። ዛሬም በአሜሪካ ካሉት ወደ 120,000 የሚጠጉ አርክቴክቶች መካከል ጥቁሮቹ 2 በመቶ አካባቢ ብቻ ናቸው። አንድ ሐበሻ አርክቴክት ማህተሙን ሲያገኝ በዚያ ቀጭን ቁጥር ላይ ይጨመራል።

የሚባክነው ዕውቀትም በገንዘብ ተለክቷል። ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2016 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ዲግሪ ያላቸው መጤዎች ወይ ሥራ የላቸውም ወይ ከሙያቸው በታች ይሠራሉ፤ በዚህም በየዓመቱ ከ39 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ይቀራል። የዋሽንግተን ታክሲ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተሳፋሪ ከፊቱ ያለው ሹፌር ምን ተምሮ እንደመጣ ቢጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ያስደነግጠዋል።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። መንገዱ አላለቀም፤ እድሳት አለ። በዲሲ አካባቢ የሚሠራ አርክቴክት ደንበኞቹ በሦስት የተለያዩ ግዛቶች ናቸው፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሜሪላንድ፣ አንዱ ምግብ ቤት ቨርጂኒያ፣ አንዱ ሱቅ ዲሲ። መሃላቸው አንድ ወንዝ ነው። ፈቃዱ ግን ሦስት ነው፤ ሦስት ክፍያ፣ ሦስት ቀነ ገደብ፣ ሦስት ደንብ። ቨርጂኒያ በሁለት ዓመት 16 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ትጠይቃለች፤ ሜሪላንድ በዚያው ሁለት ዓመት 24። ኒው ዮርክ ከሄደ ምዝገባው በሦስት ዓመት ይታደሳል፤ 36 ሰዓት፣ ከዚያም ቢያንስ 24ቱ ጤናና ደህንነትን የሚመለከት መሆን አለበት። ቴክሳስ በየዓመቱ 12 ሰዓት ትላለች። የፖቶማክ ወንዝን ሲሻገር አርክቴክት ዕውቀቱ በስምንት ሰዓት አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበው ሰዓቱ የሚሞላበት መንገድ ነው። በብዙ ቢሮ ተከታታይ ትምህርት ማለት የመስኮት ወይም የጣሪያ ዕቃ አምራች ኩባንያ ምሳ ይዞ መጥቶ ስለ ምርቱ አንድ ሰዓት ማውራቱ ነው። ሳንድዊቹ ይበላል፣ ፊርማው ይሰበሰባል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል። ከእንዲህ ያለው ገለጻ ጥሩ ነገር የሚማር አለ፤ የማይካድ ነው። ነገር ግን ስቴቱ የእድሳት ግዴታ የጣለው ለሕዝብ ደህንነት ነው፤ ስለዚህ ምን መማር እንዳለበት ስቴቱ ራሱ መናገር አለበት። በዚህ ካሊፎርኒያ የተሻለች ናት። በሁለት ዓመት የምትጠይቀው ጥቂት ሰዓት ነው፤ አምስቱ ግን የአካል ጉዳተኞችን ተደራሽነት ይመለከታሉ፤ በቅርቡ ደግሞ የካርቦን ልቀትን በሚያስቀር ዲዛይን ላይ አምስት ሰዓት ተጨምሯል። ሰዓቱ ያነሰ፣ ርዕሱ የተወሰነ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ተቀምጠው አንድ የጋራ ዝርዝር ቢያወጡ፣ በዚያም ዑደት ኮዱ ላይ የተለወጠውን በግዴታ ቢያስተምሩ፣ በአንዱ የተወሰደው በሦስቱም ቢቆጠር፣ ሕዝቡ ከዛሬው የተሻለ ይጠበቃል።

የፈቃድ ሥርዓትን በሙሉ ተቃውመው፣ ባለሙያዎች ገበያውን ለራሳቸው ለማጠር የሠሩት ነው የሚሉም አሉ። ክርክራቸው ለአንዳንድ ሙያ ሊሠራ ይችላል። አርክቴክቸር ላይ ግን አይሠራም፤ የህንጻ ተጠቃሚ ህንጻውን መርጦ አይገባም። ሕመምተኛው ክሊኒኩ ውስጥ ሲወድቅ ደረጃውን ማን እንደሳለው አያውቅም። እንዲያም ሆኖ ሕጉ ራሱ ልክ ያውቃል፤ በብዙ ስቴቶች የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ፕላን ያለ አርክቴክት ፈቃድ ሊሠራ ይችላል። ፈቃድ ገና ያልያዙ ሐበሻ ዲዛይነሮች በዚህ ክፍተት የቤት ማስፋፊያና የምድር ቤት እድሳት እየሠሩ እጃቸውን ማቆየት ይችላሉ፤ ራሳቸውን አርክቴክት ብለው እስካላስተዋወቁና የስቴታቸውን ደንብ አስቀድመው እስካነበቡ ድረስ።

ማኅበረሰቡም የሚያደርገው አለ። በየከተማው ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት የዜግነት ፈተና ማስተማሪያ ክፍል አላቸው፤ የታክስ ቅጽ የሚሞሉ በጎ ፈቃደኞችም አሉ። ማህተም የያዙ ሁለት ሦስት አርክቴክቶች በወር አንድ ቅዳሜ ተቀምጠው አዲስ ገቢውን የኤንካርብ መዝገብ ቢያስከፍቱት፣ የሰዓት ቅጹን አብረውት ቢሞሉ፣ አለቃውን ሳይት እንዲወስደው እንዴት እንደሚጠይቅ ቢነግሩት ብዙ ዓመት ይድናል። ያች የአሌክሳንድሪያዋ ሴትዮ ቢሮ በተቀጠረችበት ሳምንት አንድ ሰው ሊነግራት የሚገባው ይህን ነው፦ ዛሬ ማታ መዝገቡን ክፈቺ፣ ለአዲስ አበባው አለቃሽ ነገ ጠዋት ደውዪ፣ የመጀመሪያው ስምንት ወር መቆጠር ጀምሯል።